አያ ሙላት ጽዋውን እምቢ ያሉ ጊዜ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ትቼዋለሁ። ቃል አጥሮኝ አይደለም፤ በቃል በኩል ጎድሎብኝ አያውቅም። የምተወው ስለሚቀፈኝ ነው። የገዛ ትዝታውን የሚጸየፍ ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወረታ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት እሠራ ነበር። ቀን ቀን የገለባ አቧራ ስውጥ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በሩዙም በማስተማሩም አልነበረም፤ በክርክር ነው። አንድ ሰው ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነው ከተባለ፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጅ «እግዚአብሔር የለም» ብሎ እናቱን ካስለቀሰ፣ «ይበልጣልን ጥሩት» ይባላል። እኔም ሄጄ ጥቅስ በጥቅስ ላይ እደረድራለሁ፤ ሰውየው አፉን ይዘጋል። አፉን ሲዘጋ አመነ ብዬ እቆጥረው ነበር። ስልኬን በደረት ኪሴ አድርጌ ክርክሩን እቀዳና ለጓደኞቼ በቴሌግራም እልካለሁ። «አፈር ድሜ አስጋጥከው» ብለው ይጽፉልኛል። እኔም ያንን ደጋግሜ እያነበብኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

የጥቅምት ሚካኤል ማግስት አቶ ዘለቀ መፈልፈያው ቤት ድረስ መጡ። አቶ ዘለቀ አባቴ ያሉበት የሚካኤል ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ማኅበሩን የሚጠጡት ፎገራ ሜዳ ላይ ያሉ አሥራ ሁለት አባወራዎች ናቸው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በየተራ ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄስ ይባርካል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል። ሲያበቃ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችው የሸክላ ጽዋ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ትሰጣለች። ተረኛው ጎንበስ ብሎ ተቀብሎ በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስዳታል። በማኅበሩ ዕድሜ ጽዋ አልቀበልም ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ሙላት እምቢ አለ» አሉኝ አቶ ዘለቀ። «ጽዋዋን ስዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ከቤቴ አትገባም አለ፣ ያውም በሰው ፊት። ሃይማኖቱን ለውጧል፤ አዲስ ከተከፈተው ጸሎት ቤት ሰውዬ ጋር ሲያወራ ታይቷል። አንተ መጥተህ አስረዳው። ካልተመለሰ ከማኅበሩም ከእድሩም ይወጣል። ያኔ እሱም ሚስቱም ሲሞቱ የሚቆምላቸው የለም።»

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ታያላችሁ። በእኛ አገር ለቀብርህ የሚቆም የለም ማለት በቁምህ ሞተሃል እንደማለት ነው። ለእኔ ግን የታየኝ የሁለቱ ሰዎች ቀብር አልነበረም፤ ደህና ክርክር ነው የታየኝ። እሺ አልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ አቶ ዘለቀና የኔታ ፈንታሁን። የኔታ የማኅበሩ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን አርጅተዋል፤ ግራ ጆሯቸውም አይሰማም። እውነቱን ለመናገር፣ መምጣታቸው ያን ያህል አላስደሰተኝም። ሽማግሌ ሰው ክርክር ያለዝብብኛል ብዬ ነበር።

ባጃጁ አስፋልቱ ዳር ጥሎን ሄደ፤ ከዚያ በሩዙ መካከል በእግር ገባን። ጥቅምት ላይ የሜዳው ውኃ ገና ተሟጦ አልሸሸም። ሩዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ሥሩ ያለው ጭቃ ግን ይሸታል። ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ አፍንጫዬን እየሸበሸብኩ ስራመድ የኔታ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ይበልጣል፣ ሙላትን ምን ልትለው ነው?»

«ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ነው የኔታ። አሥራ አራት ማስረጃ አዘጋጅቻለሁ።»

«ጎበዝ። መልሱ ተዘጋጅቷል። ጥያቄውን ማን ነገረህ?»

«አቶ ዘለቀ ነገሩኝ።»

«እንግዲያው ለዘለቀ መልስለት። የጠየቀህ እሱ ነው።»

አቶ ዘለቀ ሳቁ፤ እኔም የሽማግሌ ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከአያ ሙላት ደጅ ስንደርስ ቁርጭምጭሚቴን አንዳች ነገር ያሳክከኝ ጀመር። ጎንበስ ብዬ ሳይ የጣት ያህል ያበጠ አልቅት ተጣብቆብኝ ደሜን ይጠጣል። መላ ሰውነቴ ተሸማቀቀ፤ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ጮህኩ። አያ ሙላት ወጡ። ኀምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ምንም ሳይሉ ጨው ይዘው መጡና አልቅቱ ላይ ነሰነሱበት፤ ሲለቅ በጣታቸው አንስተው ወረወሩት። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አምጥተው፣ ተንበርክከው፣ የሦስታችንንም እግር አጠቡ። እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ ወጉ ነው። ሰውየው ከሃይማኖት ወጥቷል ተብሎ ሊመከር የተመጣበት ሰው ነው፤ ከጣቶቼ መካከል ያለውን ጭቃ ሳይቀር አጠራልኝ። እኔ ግን በልቤ ጥቅሶቼን እየቆጠርኩ ነበር።

ገብተን መደቡ ላይ ተቀመጥን። ጓዳውን የሚከልለው መጋረጃ ተዘግቷል። ከኋላው የሰው መንቀሳቀስ ይሰማል፣ ሽታም አለ፤ የሳሙናና የቁስል ሽታ አንድ ላይ። የአያ ሙላት ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ እዚያ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ስልኬን መቅዳት አስጀምሬ ደረት ኪሴ ከተትኩና ንግግሬን ጀመርኩ።

አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ከብሉይ ጀመርኩ፣ ወደ ሐዲስ ተሻገርኩ፣ ግዕዙን ከአማርኛው ጋር አነጻጸርኩ። ያልተጠየቅሁትን ተቃውሞ ራሴ አንስቼ ራሴ አፈረስኩት። አቶ ዘለቀ በየመሃሉ «እንዲህ ነው እንጂ» ይላሉ። አያ ሙላት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ ተናግረሃል። ሚካኤል ያማልዳል። አያማልድም ብሎ ማን ነገረህ?»

አቶ ዘለቀ በእኔ ፈንታ ተቆጡ። «ታዲያ ጽዋዋን ለምን እምቢ አልክ?»

«እሱን የጠየቀኝ የለማ።»

ይኼን ጊዜ የኔታ ከመደቡ ተነሡ። እየተንገዳገዱ ሄደው አያ ሙላት አጠገብ መሬት ላይ፣ አጎዛው ላይ ተቀመጡ። «እኔ በአንዱ ጆሮዬ ብቻ ነው የምሰማው» አሉ፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ሰውየው አዙረው። «ስለዚህ ቀስ ብለህ፣ ምንም ሳታስቀር ንገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አያ ሙላት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የኔታም ዝም ብለው ጠበቁ። እኔ ብሆን በዚያ ዝምታ ውስጥ ሦስት ጥቅስ አስገብቼበት ነበር።

«አምና ኅዳር ተራዬ ከደረሰ ጀምሮ» አሉ በመጨረሻ። «ጥሩወርቅን ያገባኋት ከአንበሳሜ በላይ ካለው ቀይ አፈር ነው። እዚያ በባዶ እግሯ ስታርም ስትጎለጉል ነው ያደገችው። እግሯ ያን ጊዜ ነው ማበጥ የጀመረው። ዝሆኔ ነው አሉ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድኳት፤ ሰው ሁሉ ታጥቦ እስኪወጣ ጠብቂ አሏት። ጠበቀች። እሱን ቻልኩት፣ የማያውቁን ሰዎች ናቸው። የጤና ባለሙያዋ አይተላለፍም፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ቅባት ይቀባ አለችን። እናንተንም ሰብስባ ነግራችኋለች።»

«ነግራናለች» አሉ የኔታ። «ከዚያስ?»

«ተራዬ ሲደርስ ሳምንት ሙሉ ደገሰች። ጌሾውን ራሷ ወቅጣ፣ ብቅሉን ራሷ አስጥታ። እቤቴ ሚካኤል ሊገባ ነው ብላ በዚያ እግሯ ቤቱን ለቀለቀች። መጣችሁ፣ ባረካችሁ፣ ጠጣችሁ ብለን ሸኘናችሁ። በማግስቱ ከደጄ ያለውን ጌሾ ልኮተኩት ስወጣ ሥሩ ረጥቧል። ዝንብ ወሮታል። ጠላ ነው። ዳቦው አጥሩ ሥር ተወርውሮ ውሻ ይጎትተዋል። ጠጣን ያላችሁት እዚያ ነበር።»

እኔ እዚህ ላይ መስማት አቆምኩ። ይኸውላችሁ ለመጻፍ የሚቀፈኝ ቦታ። ያን ዕለት አባቴን ወባ ይዟቸው ስለነበር በእርሳቸው ፈንታ የሄድኩት እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ጣሳውን ይዘው ከጓዳ ሲወጡ ያንን የተጠቀለለ እግር አየሁት። ጨርቁ ረጥቦ ነበር። ጠላውን ተቀበልኩና ስልክ እንደተደወለለት ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» እያልኩ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ከጌሾው ሥር ደፋሁት። ስመለስ አቶ ዘለቀ ባዶውን ጣሳ አይተው ጠቀሱኝ። ከዚያ እርሳቸው ወጡ። ከዚያ ሌላው። መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነበርኩ። ወደ ከተማ ስመለስም ብልጠቴን እየነገርኩ ጓደኞቼን አስቄያለሁ።

«እሷ ከዚያ ወዲህ ጠላ ጠምቃ አታውቅም» ይላሉ አያ ሙላት። «ያ የጸሎት ቤት ሰውዬ በር በሩን ሲያልፍ ዝናብ ይዞት ገባ። እሷ ከምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ። ቆሎ ብትሰጠው በላ። ስለ ሃይማኖት አንድም ነገር አላለኝም፤ እግሯ ያማታል ወይ ብሎ ጠየቀ። እናንተ አንድ ቀን ጠይቃችኋል? እንግዲህ የኔታ፣ እምነታችሁ ይህ ከሆነ ውሸት ነው። እኔ በውሸት አልቀበርም። የሚቀጥለው እሁድ ወደ እነሱ እሄዳለሁ።»

አቶ ዘለቀ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የኔታ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ውሸት ነው» አሉ የኔታ። «ልክ ነህ። ሰው የሚጸየፍ ሃይማኖት አልቀበልም ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«እኔም አልቀበለውም። እስካሁን ተስማምተናል። ጌታ ለምጻሙን መጀመሪያ ዳሰሰው እንጂ፣ ዳን ብሎት ከርቀት አልሸሸም። አንተ ይህን ትጠብቃለህ፣ እኛ ደፍተነዋል። ይበልጣል፣ ሃይማኖቱን የሚያስጠብቅ ሰው ፍለጋ መጥተን አልነበር? ይኸው አገኘነው፤ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የኔም በደል አለበት ሙላት። ያን ዕለት ባርኬ ጠጣሁና ሌላ ዝክር አለብኝ ብዬ ተጣደፍኩ። ሚስትህን ደህና ነሽ ወይ አላልኳትም። ቅኔ እየተባለ ሰባ ዓመት የሰማ ጆሮ ይህን አልሰማም።»

አያ ሙላት ዓይናቸው ረጠበ፤ ግን አልተሸነፉም። «አያባብሉኝ የኔታ። እርስዎ እንዳልደፉ አውቃለሁ። የደፋ ሰው በፊቴ ደፋሁ ይበለኝ። አንድ ሰው ይበቃኛል። ያኔ ጽዋዋን እቀበላለሁ።»

«ልጆች ይሆናሉ የደፉት» አሉ አቶ ዘለቀ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

አያ ሙላት ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ነህ። ስለ እውነት ስትናገር ሰምቼሃለሁ። አባትህን ወክለህ መጥተህ ነበር። ማን ሲደፋ አየህ?»

አሥራ አራት ማስረጃ ይዤ መጥቼ ነበር። አላየሁም ብል ማንም አያጋልጠኝም፤ አቶ ዘለቀ ሊያጋልጡኝ አይችሉም። የታጠበውን እግሬን አየሁት፤ አልቅቱ የነከሰኝ ቦታ ገና ይደማል። የኔታ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው ይጠብቃሉ። ሲጠብቁ ፊታቸው ላይ ቁጣም ፍርድም አልነበረም፤ የሚሰማ ሰው ፊት ብቻ ነው። በዚያ ፊት ላይ መዋሸት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «መጀመሪያ የደፋሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ እኔን አይተው ነው።»

አያ ሙላት ተነሡ። ዱላቸው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር፤ እጃቸው ወደዚያ ሲሄድ አየሁ፤ ይገባኛልም ብዬ አልተንቀሳቀስኩም።

«ተወው ሙላት» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «አውቄዋለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ረጅም፣ ጥምጥማቸው የጠራ ሴት ናቸው። «በጓዳው በር ቀዳዳ አይቼው ነበር» አሉ ለባላቸው። «ሰው ትገድላለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።» ከዚያ ወደ እኔ ቀረቡ። ሽታው መጣ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ወደ ኋላ ልል ቃጣኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ዓመት ሙሉ ሳስበው ነው የኖርኩት። ጠላው ከፍቶ ነበር? ወይስ በእኔ ነው?»

የስንት መናፍቅ አፍ አስዘግቻለሁ ስል የኖርኩ ሰው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም።

«አላውቅም እትዬ» አልኩ። «አልቀመስኩትም።»

እራሳቸውን ነቀነቁ። ስድብ ብጠብቅ አልሰደቡኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። «እንኳን ጠላው አልከፋ» ብቻ አሉና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

አቶ ዘለቀ «እኔ እንኳ ሐኪም ጠላ ስለከለከለኝ ነው» አሉ።

«ሐኪምህ» አሉ የኔታ፣ «የከለከለህ የሙላትን ቤት ጠላ ብቻ ነው?»

ማንም አልሳቀም። አያ ሙላት ግን ተቀመጡ። ሚስታቸውን አይተው፣ «እሷ ከጠመቀች ጽዋዋን እወስዳለሁ» አሉ። «ሌላ ሰው አይጠምቅም። የሚጸየፍ ከቤቱ ይቅር።» እትዬ ጥሩወርቅ «ጌሾ አለን?» ብለው ነው የጠየቁት።

ማታ ቤቴ ገብቼ የተቀዳውን ድምፅ ከፈትኩት። አርባ ደቂቃ የእኔ ድምፅ ነው። ከበስተጀርባው፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሴት ታስላለች። ሦስት ጊዜ ታስላለች፣ አንድ ጊዜ በጣም ታቃስታለች፤ እኔ በዚያ ላይ ስለ ርኅራኄ የተጻፈ ጥቅስ ሳልተነፍስ እጠቅሳለሁ። የገዛ ድምፄ አቅለሸለሸኝ። ለማንም አልላክሁትም።

ከዚያ ወዲህ እምነቴን መመስከር አልተውኩም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ እወደዋለሁ። ግን «ናና አስረዳልን» ተብዬ ስጠራ ስልኬን እቤቴ ትቼ እሄዳለሁ፤ የመጀመሪያውን ሰዓትም ለሰውየው እተውለታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅስ ቀድሞ የሚወጣ ነገር አለ፤ ያልተጠየቀ ለቅሶ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተሰደበ ልጅ፣ ሳይጎበኝ የሞተ አባት። አንዳንዱ እውነተኛ ጥያቄም አለው፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። እናንተም በየስልኩ ስትሰዳደቡ ሃይማኖት የጠበቃችሁ የሚመስላችሁ ወንድሞቼ፣ ልሰድባችሁ አይደለም፤ ከእናንተ አንዱ ነበርኩ። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ያ ሰው በእናንተ እጅ ምን እንደተደፋበት ጠይቁት።

የኅዳሩን ማኅበር ሳልነግራችሁ ግን አልጨርስም። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ መጡ። እኔም ከአባቴ ጋር ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ጣሳውን በራሳቸው እጅ ሰጡኝና ሳይሄዱ ቆመው አዩኝ። ጠጣሁ። የመጀመሪያው ጉንጭ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ አሁንም አልዋሻችሁም፣ መጸየፍ በአንድ ወር አይለቅም። ዋጥኩት። ሁለተኛው ቀለለኝ። የየኔታ ጣሳ ሁለቴ ተሞላ።

አቶ ዘለቀ ሆዴን አሞኛል ብለው ልከው ነበር። የሰብሳቢው ቦታ፣ ከቄሱ ቀጥሎ ያለው፣ ባዶውን ዋለ፤ የእርሳቸው ጠላ እንደተቀዳ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሰው ያንሣው ወይስ ይድፋው እያለ ይጨነቃል፤ የሚነካው የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ሲያስተናግዱ ውለው ደክሟቸው ነበር። የኔታ ጠጋ ብለው ባዶውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። እትዬ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ባላቸውን፣ ቀጥሎ እኛን አዩ። ከዚያ ሄደው እዚያው ተቀመጡ፤ ያንን እግራቸውን በሁላችን ፊት ዘረጉት፤ የአቶ ዘለቀን ጣሳ አንስተው እስከ መጨረሻው ጠጡት።